የእትዬ ዘሃራ ግራ ጥርስ

ልጅቷ አፏን ስትከፍት መጀመሪያ ያየሁት የሥራውን ዝርክርክነት ነው። ድዷ ላይ ያለው ንቅሳት አንድ ቦታ ወፍሮ፣ ሌላ ቦታ ሳስቶ፣ ከንፈሯ ውስጥ ድረስ ተዝረክርኮ፣ ሕፃን በከሰል የጫረው ግድግዳ ይመስላል። ዙሪያው አብጧል።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አልኳት።

«አክስቴ ናት የነቀሰችኝ። ሠርጌ ደርሷል።»

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከማጀቴ።»

«ታዲያ እዚያው ማጀቴ እትዬ ዘሃራ እያሉልሽ አክስትሽ ዘንድ ምን አስኬደሽ?»

አፏን ዘግታ አየችኝ።

«እትዬ ዘሃራማ ሞቱ። አልሰማሽም እንዴ? ወባ ነው የጣላቸው። መስከረምን እንኳ አላዩም።»

የያዝኩትን ጥጥ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሸዋ ሮቢት እኮ የደሴው አውቶቡስ የሚቆምባት ከተማ ናት፤ የማን በሬ እንደ ጠፋ፣ የማን ሚስት እንደ ኮበለለች ሳይቀር በየቀኑ ይወርድልናል። ይህን ግን ማንም አላወረደልንም።

ሰው ሲሞት «ደግ ነበሩ» ማለት ወግ ነው። እኔ ወግ አልወድም። እትዬ ዘሃራ ደግ አልነበሩም፤ ምላሳቸው የቆላ እሾህ ነበር። ቢሆንም ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሳቸው በልቤ የተቀመጠ የለም፤ የተቀመጡትም ተመችቶኝ አይደለም።

ሰው ሲያገኙ ዓይኑን አያዩም፤ አፉን ነው የሚያዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገሩኝ በገበያ ቀን፣ ሾላው ሥር፣ ከጨው ሻጮቹ አጠገብ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ ተምሬ፣ ክሊኒኳ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበር።

«አንቺ የክሊኒኳ ልጅ፣ እስቲ ሳቂ» አሉኝ።

«ምን የሚያስቅ አለ?»

«ምንም የለም። ለዚህ ነው ሳቂ ያልኩሽ። በሚያስቅማ ማንም ይስቃል።»

ሳልወድ ጥርሴ ታየ።

«ወይ ጉድ! ድድሽ እንደ ተገፈፈ በግ ቀልቶ! ይኼን ይዘሽ ነው ባል የምትፈልጊው?»

«ባል አልፈልግም። አዲስ አበባ ነው የምፈልገው።»

«አዲስ አበባም አፍ ያያል» አሉና የራሳቸውን አሳዩኝ። ድዳቸው ከላይ እስከ ታች እንደ ጎመራ እንጆሪ የጠቆረ፣ ጥርሳቸው ከዚያ ውስጥ ፍንትው ብሎ የወጣ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሴት ናቸው፤ ሲስቁ ግን ሌላው ሁሉ ይረሳል።

ከቀወት ቆላ እስከ አሊዩ አምባ ድረስ ሙሽራ የሚነቅሱት እሳቸው ነበሩ። መርፌዎቹን በክር አንድ ላይ ያስራሉ፤ የኩራዝ ጥቀርሻ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ያሻሉ፤ የልጅቷን ራስ ጭናቸው ላይ አስደግፈው ይጀምራሉ። ልጅቷ ስትንፈራገጥ፣ «ያላመመ አያምርም» ይሏታል። የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ በእሳቸው እጅ ያልፋል። «ሼኩ ሐራም ነው ይሉኛል፣ ቄሱ ሥራ ፈት ይሉኛል» ይሉ ነበር፣ «የሁለቱንም ሴት ልጆች ግን የነቀስኩ እኔ ነኝ።»

ወደ ክሊኒኳ ያመጣቸው የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው መነቃነቅ ነው። ቆሎ ሲቆረጥሙ ደም ይቀላቀልበታል። ጠዋት ጠዋት አፋቸው ብረት ብረት ይላል። ዶክተር ሰይፉ በመስተዋቱ አይቶ፣ ድዳቸው ከጥርሱ ሥር እየሸሸ እንደሆነ፣ እንዲህ ከቀጠለ ጥርሶቹ እንደሚረግፉ ነገራቸው።

«ነቃሽ አፏ ሱቋ ነው» አሉት። «ጥርሷ ለረገፈ ሴት ማን ድዱን ይሰጣል? አንተ ሱሪው የተቀደደ ሰፊ ዘንድ ልብስህን ትሰጣለህ?»

ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ ነበር የሚሉት፤ ዶክተሩንም። እኔ ፊት ለፊቱ አንቱ እለው ነበር። ዕድሜው ግን ከእኔ እምብዛም የራቀ ስላልነበረ፣ እዚህ እሱ ብዬ ብጽፈው የሚከሰኝ የለም። ውጭ አገር የጥርስ ሕክምና ተምሮ የተመለሰ፣ ንጹሕ፣ ቶሎ የማይቆጣ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የመጣውም ጥርስ ሊነቅል አልነበረም፤ ጥናት ሊያደርግ ነው።

ጥናቱ እንዲህ ነው። ድዱ የታመመ ሰው ይመጣል። ዶክተሩ የዚያን ሰው አፍ በመካከል ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ ወገን ድዱን በማደንዘዣ አፍዝዞ ይቆርጣል፣ ይገልጣል፣ የጥርሱን ሥር ይጠርጋል፣ መልሶ ይሰፋል። በሌላው ወገን ግን ጥርሱ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ብቻ ከላይ ይፍቃል። ከዚያ ሁለት ክረምት ጠብቆ የትኛው እንደተሻለ ያያል። የሁለቱም ወገን ባለቤት አንድ ሰው ስለሆነ፣ ይህ ከሁሉ የሚታመን መንገድ ነው ይል ነበር።

የታመመ ድድ የሚታወቀው በመቅላቱ ስለሆነ፣ የተነቀሱ ሴቶችን አልወስድም ብሎ ነበር የመጣው፤ በጥቁር ላይ መቅላት አይታይማ። ይፋት ውስጥ ያልተነቀሰች ሴት ፈልጎ ሲያጣ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በቀጭን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ጥልቀት እየለካ ይወስዳቸው ጀመር።

«የትኛውን ወገን ነው የምትቆርጠው?» አሉት እትዬ ዘሃራ።

ከኪሱ ሳንቲም አወጣ። «የጃንሆይ መልክ ከወጣ ቀኙን፣ አንበሳው ከወጣ ግራውን። እንዳላዳላ ነው።»

«የኔን ጥርስ በቁማር?»

«በዕጣ በሉት፣ እትዬ።»

«ዕጣ የሚጣለው ቅርጫ ሥጋ ላይ ነው» አሉ፤ ግን ዓይናቸው ከሳንቲሙ አልተነሣም። ወደቀ። ጃንሆይ ናቸው። ቀኙ።

«አንድ ነገር ይወቁ» አለ ዶክተሩ። «የሚቆረጠው ወገን ሲድን ንቅሳቱ አብሮ ይሄዳል። ቀይ ሆኖ ነው የሚሽረው።»

«እኔው መልሼ እነቅሰዋለኋ።»

«አይሆንም። ጥናቱ እስኪያልቅ ሁለቱንም ወገን መርፌ አይነካውም። መርፌው ድዱን ካስቆጣው ሥራዬ ሁሉ ይበላሻል።»

«እሺ፣ ግራዬስ? ተቀምጦ ሊያይ ነው?»

«ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ፣ መቁረጡ የሚሻል ሆኖ ከተገኘ ግራውንም እሠራልዎታለሁ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ከብት ሲሸጥ እንደሚደረገው መዳፉን በመዳፋቸው ጧ አደረጉት። በእኛ አገር እጅ ከተመታ በኋላ ወደ ኋላ የለም። ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ሰላምታ መስሎት ይሆናል።

ሥራው የሚያስጨንቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበሩ ላይ ሆነው አፋቸው ነጻ በወጣ ቁጥር ያወሩ ነበር። ዶክተሩም እንዲረጋጉ ብሎ፣ ውጭ አገር ጥርስ ለሌለው ሰው መንጋጋው አጥንት ውስጥ ብረት መትከል እንደ ተጀመረ፣ ብረቱም ላይ የሸክላ ጥርስ እንደሚደረግ አጫወታቸው።

«ጥርስ ይተከላል? እንደ በቆሎ?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ይበቅላል?»

«አይበቅልም፤ ግን ይጸናል።»

«ሸክላው ቢሰበርስ? ገሉን ልዋጠው?»

ዶክተሩ ሳቀና እጁን ከአፋቸው አወጣ፤ ሳቁ እስኪበርድለት ስፌቱ ቆሞ ጠበቀው። ያን ቀን ሦስታችንም ደስ ብሎን ነበር።

ቀኙ ዳነ። ጠበቅ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ ደም የማይወጣው ድድ ሆነ፤ የቀኟም የፊት ጥርስ ጸናች። ግራው ግን እንደ ድሮው ጥቁር፣ እንደ ድሮው የሚደማ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙት በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ነው፤ አንድ ሰው በሁለት አፍ የሚስቅ ይመስላል።

ገበያው ዝም አላለም።

«እትዬ ዘሃራ» አለቻቸው አንዲት ጨው ሻጭ፣ «ግማሽ አፍዎን ጅብ ላሰው እንዴ?»

«ጅብ የሚጣፍጠውን ያውቃል» አሏት። «አንቺን አልፎ ነው የመጣው።»

ሾላው ሥር የነበረ ሁሉ ሳቀ። በሳቅ ግን እንጀራ አይበላም። የሙሽራ እናቶች ፊት ለፊታቸው አይናገሩም እንጂ፣ ድዷ ግማሽ በሆነ ነቃሽ የተነቀሰች ልጅ ትዳሯም ግማሽ ይሆናል የሚል ወሬ ከመንደር መንደር ሄደ። ለነቀሳ ቀን ቆርጠው የነበሩ ሁለት ቤቶች ሌላ ነቃሽ ፈለጉ። እትዬ ዘሃራ ሾላው ሥር ተቀምጠው ይውሉና መርፌያቸውን ሳይፈቱ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ባጠገባቸው ሳልፍ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው አየኋቸው። ምንም የሚያስቅ በሌለበት ሳቂ ያሉኝ ሴትዮ አፋቸውን ሸፍነው! ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ፤ ለመመለስ አፋቸውን እንዳይገልጡ ብዬ።

ለምርመራ በመጡ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ግራዬስ?»

«ገና ነው፣ እትዬ» ይላል ዶክተሩ፤ ይለካል፤ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ክረምት የግራዋ ጥርስ በምላስ ስትነካ ትነቃነቅ ነበር። በጋው ሲገባ በትንፋሽ የምትነቃነቅ ትመስል ጀመር።

እኔ ዝም ማለት አላውቅበትም። ዕቃ እያጠብኩ፣ «ለምን አይቆርጡላቸውም?» አልኩት።

«ለአንዷ ካዳላሁ ጥናቱ ጥናት አይደለም። ሌሎቹም ግራና ቀኝ አላቸው።»

«ታዲያ የሁሉንም ይሥሩላቸዋ። ቀኙ እንደዳነ እያዩት አይደለም?»

«የአንድ ሰው አፍ ማስረጃ አይሆንም። ብቸኩል ነገ ማንም አያምነኝም። ይህ ከጸና ስንት ሰው እንደሚድንበት ታውቂያለሽ?»

«እነዚያን ሰዎች አላውቃቸውም። እትዬ ዘሃራን ነው የማውቀው።»

«ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

እትዬ ዘሃራንም አልተውኳቸው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ «ቢያንስ ቀዩን ለምን አይነቅሱትም? ንቅሳቱ ከተመለሰ ሥራዎም ይመለሳል። ጥናቱ ቢበላሽ ዶክተሩ አይሞት» አልኳቸው።

«እጁን መትቻለሁ» አሉኝ። «እኔ ቃሌን ከበላሁ ግራዬን በምን አፌ እጠይቀዋለሁ?»

ያን ጊዜ ነው ክሩን ያየሁት። የግራዋን ጥርስ ከቀኟ ጋር አስረዋታል፤ መርፌዎቻቸውን በሚያስሩበት ጥቁር ክር፣ ዙሪያውን ጠምጥመው፣ ቋጠሮውን ከኋላ ደብቀው። የዳነችው ያልዳነችውን ተሸክማለች።

«ማነው እንዲህ ያደረገልዎ?»

«ማን ይሠራልኛል? እኔው ነኝ። ሁለተኛው ክረምት እስኪወጣ ትያዝልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሥጋ ትተው ሾርባና የራሰ ፍትፍት ብቻ ሆነ የሚበሉት። ሲናገሩ ከንፈራቸውን ብዙ አይከፍቱም ነበር። ቀልዳቸውም ቀነሰ፤ ከሁሉ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ሲል ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ተጠራ። ሥራውን ይዞ ውጭ አገር እንዲሄድና እንዲያስረዳ ተፈልጓል ተባለ። ወንበሩና አንድ የእጅ መስተዋት ሲቀሩ ሌላው ሁሉ፣ ቢላዎቹ፣ መለኪያዎቹ፣ የስፌቱ ዕቃ፣ በሣጥን በሣጥን ሆኖ መኪና ላይ ተጫነ። እኔ ነኝ ያቀበልኩ።

«ግራዎቹስ?» አልኩት መኪናው በር ላይ ሆኜ።

መጀመሪያ የምለው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። «ሌላ ሐኪም እንዲላክ እነግራለሁ» አለ። «እነግራለሁ፣ አትጠራጠሪ።»

ነግሮ ይሆናል። የመጣ የለም።

እትዬ ዘሃራ በቀጠሯቸው ቀን በጠዋት መጡ። አዲስ ሻሽ አስረዋል፤ ልብሳቸው ታጥቧል፤ የሎሚ ጠረን አላቸው። ቁርስ አልበሉም፣ ማደንዘዣ የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን ይሻለዋል የሚል ነገር ሰምተው። ክፍሉን አዩት። ባዶውን መደርደሪያ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ አፌን ሳይሆን ዓይኔን።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ይመለሳል?»

«አይመስለኝም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ጥናቱስ ምን አለ? የቱ ይሻላል አለ?» አሉኝ።

«የተቆረጠው ሳይሻል አይቀርም ብሏል።»

«እሱንማ እዚሁ ተሸክሜው ነው የምዞረው።»

ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ በልቤ ረግሜው ነበር። አልረገሙትም። «ውሸታም አይደለም» አሉ። «የሚረሳ ነው። ከውሸታም የሚረሳ ይብሳል፤ ውሸታም እንኳ የሚዋሽሽን አንቺን አይረሳሽም።»

ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና ክሩን በጣታቸው አሳዩኝ። «ቁረጪልኝ።»

«እትዬ፣ ከቆረጥኩት እኮ...»

«አውቃለሁ። ደህናይቱን ይዛ ሳትወድቅ ቁረጪው።»

በመቀስ ቆረጥኩት። ክሩን ስስብ የግራዋ ጥርስ አብራ መጣች፤ ብዙም አልደማም፤ ከወጣች እንደ ቆየች ሁሉ። ተቀበሉኝ፤ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት፤ በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩዋት።

የሚነሡ መስሎኝ እጄን ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን ከጉያቸው የመርፌዎቻቸውን እሥርና የጥቀርሻ ብልቃጣቸውን አወጡ።

«ያን መስተዋት ያዢልኝ» አሉኝ።

«እዚህ? አሁን?»

«መስተዋት ያለው እዚህ አይደል? ቀጠሮዬም አሁን ነው። የሱ ቃል ሲፈርስ የኔም ተፈታ።»

ያዝኩላቸው። ቀኙን፣ ቀዩን ወገን፣ በራሳቸው እጅ መውጋት ጀመሩ። የገዛ ድዱን ያለ ማደንዘዣ የሚወጋ ሰው አይቼ አላውቅም። እንባቸው በጉንጫቸው ጉድጓድ ይወርዳል፤ እጃቸው ግን አይንቀሳቀስም። መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

«አትንቀጥቀጪ» አሉኝ በመርፌው መካከል። «የምወጋው እኔ፣ የምትንቀጠቀጪው አንቺ?»

ሲጨርሱ ደሙን ተፉ፤ ተጉመጠመጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠርገው መስተዋቱን ከእጄ ወሰዱ። ድዳቸው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጠቁሯል። በመካከሉ የግራዋ ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል። ሳቁ።

«ሱቁ ተከፈተ» አሉ። «አንድ መደርደሪያ ጎደለው እንጂ።»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ይህ ደግሞ አስቆጣቸው። «ምን ታፈጥጫለሽ? ሳቂ እንጂ። በሚያስቅማ ማንም ይስቃል።»

ሸዋ ሮቢት ግን ወደ ሱቃቸው አልተመለሰችም። የፊት ጥርስ የሌላት ነቃሽ ሆኑ፤ ራሳቸው እንደተናገሩት። ሾላው ሥር ጥቂት ገበያ ዋሉና ማጀቴ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። እዚያ ማንም የድሮ አፋቸውን አያውቅም፤ መንቀስ ጀመሩ የሚል ወሬ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም። መንገዱ አንድ ነው፣ አውቶቡሱ በየቀኑ ያልፋል፤ እኔ ሁልጊዜ የማስበው በተቃራኒው ስለሚሄደው አውቶቡስ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ ልጅቷ ወንበሩ ላይ ሆና እየጠበቀችኝ ነው። የዶክተር ሰይፉ ወንበር ነው፤ ከሱ ወዲህ የመጣውን ድድ የማጥበውና የምፍቀው እኔው ነኝ። ያበጠውን ላጥብላት ጥጡን መልሼ አነሣሁ። እጄን በእጇ ያዘችው።

«ሁለቱንም ወገን ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የምትሠሪልኝ። ሁለቱንም ወገን ካልሆነ እነሣለሁ።»

«ማን እንዲህ በይ አለሽ?»

«እትዬ ዘሃራ ናቸዋ። ሳይታመሙ ድዴን አይተው ይደማል፣ ሳትጠረጊ አልነቅስሽም ብለውኝ ነበር። ለሁሉም ሴት ነው የሚሉት። ‹ሸዋ ሮቢት ሂጂ፤ ግን ሁለቱንም ወገን በያቸው። ግማሹን ለኋላ ካሉሽ፣ እጅሽን ሰጥተሽ እንዳትመቺ፤ ተነሺና ውጪ።›»

ሳህኑ ላይ ያለው ጥጥ፣ የጨው ውኃና አንድ መፋቂያ ብረት ነው። የሚቆርጥ የለም፣ የሚሰፋ የለም። ይህንን ነገርኳት፤ አልዋሸኋትም። ያለኝ ይኼ ብቻ ነው፣ ግን ለሁለቱም ወገን ይበቃል አልኳት።

እጄን ለቀቀችው። አፏን ከፈተች።

ከግራው ጀመርኩ።